ከአንድ እናት የወጡት

የጋሽ አዛናውን ሞት የነገሩኝ አያ ቢምረው ናቸው። ይህ ራሱ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ጋሽ አዛናው የሚኖሩት ፀዳ፣ እኔ ከምሠራበት የሰብል ጥበቃ ግቢ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነበር። አያ ቢምረው ደግሞ ትክል ድንጋይ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደውለውልኝ አያውቁም። ያን ጠዋት ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳየው ቶሎ አነሳሁት።

«ስለናት፣ አዛናው አረፈ የሚሉት እውነት ነው?»

«ማን አለ?»

«ገበያ ላይ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ውሸት?»

አላውቅም ነበር። አጣርቼ ልደውል አልኳቸውና ሥራዬን ትቼ ወጣሁ። ጋሽ አዛናው ሰፈር ስደርስ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ አገኘኋቸው። ልብ ነው አሉኝ፤ ራታቸውን በልተው ተኙ፣ በማግስቱ አልተነሱም። መልሼ ደውዬ እውነት መሆኑን ስነግራቸው አያ ቢምረው «ነፍስ ይማር» ብለው ስልኩን ዘጉት። ሰው የማያውቀው ሬሳ በመንገድ ሲያልፍ የሚለው ዓይነት «ነፍስ ይማር» ነበር።

ሁለቱ ሽማግሎች አንድ ጊዜ ወዳጆች ነበሩ። ለምን እንደተቆራረጡ ሙሉውን የሚያውቀው ሰው አሁን እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም ያቆራረጥኳቸው እኔ ነኝ። ጋሽ አዛናው ሁለት ክረምት የእኔን ስህተት ተሸክመው ኖሩ፤ ይዘውትም ተቀበሩ። ይህን ለአያ ቢምረው ልናገር ወይስ ይቅር እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ስንገላታ ሰነበትኩ።

ጋሽ አዛናውን ያወቅኳቸው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የሰብል ጥበቃ ሥራ ስጀምር ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ኮታቸው ላይ ሁልጊዜ ቡናማ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ሰሞን ሽሮ እየነካባቸው ነው ብዬ አዝንላቸው ነበር። ሚስት የላቸውም፣ የሚያራግፍላቸው የለም ብዬ። ኋላ ቤታቸው ሄጄ ባለቤታቸውን ሳገኝ አፈርኩ። ዱቄቱም ሽሮ አልነበረም። የእሳት እራት ክንፍ ሲነካ የሚለቀው ብናኝ ነው።

ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት አይታይም። የማርማላታ ጠርሙስ ነው የሞላው። አፉ በነጠላ ቁራጭ ታስሮ፣ ውስጡ ሣር ተጨምሮ፣ ሣሩ ላይ የሚበላው ትል ተቀምጦ። ዋና ሥራቸው የስንዴና የባቄላ በሽታ መለየት ነበር፤ ልባቸው ግን ያለው የሣር ሜዳ ላይ በሚኖሩት ትንንሽ ቡናማ የእሳት እራቶች ዘንድ ነው። ሰው ሁሉ «የእሳት እራት» ብሎ በአንድ ስም የሚያልፋቸውን እሳቸው አንድ በአንድ ሊለዩ ይፈልጋሉ። ለምን ይጠቅማል ሲባሉ አይመልሱም።

የገባሁ ዕለት አራት የደረቁ የእሳት እራቶች በመርፌ ተሰክተው የተደረደሩበት የሸሚዝ ካርቶን ፊቴ አስቀመጡ።

«ስንት ዓይነት ናቸው?»

አየኋቸው። አራቱም ቡናማ፣ አራቱም ጥፍር የሚያህሉ።

«አንድ» አልኩ።

«እኔም መጀመሪያ አንድ ነው ያልኩት። ቆይቼ አራት ናቸው አልኩ። አሁን ደግሞ ሁለት ይመስሉኛል።»

«ታዲያ መልሱ ስንት ነው?»

«ገና ነው» አሉና ካርቶኑን ከደኑት።

ይህችን «ገና ነው» ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቁጥር የለኝም። ገበሬ በክብሪት ሣጥን ነፍሳት ይዞ ይመጣል፣ ምንድን ነው ይላል፤ «ገና ነው።» ኃላፊያችን ሪፖርት ይጠይቃል፤ «ገና ነው።» እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ሆኖ የተጠየቅሁትን ሳልመልስ ማደር የማልችል ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት እያለሁ እጄን አውጥቼ መልሱን ከጠራሁ በኋላ ነበር ጥያቄውን የማስበው። ስለዚህ ጋሽ አዛናው ያናድዱኝ ነበር። እወዳቸውም ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ አላውቅም፤ ግን ሆነው ነበር።

«ክንፉን አትይ፤ ልጅነቱን ጠይቂው» ይሉኛል። ቡናማ ክንፍ ማንንም ያሳስታል፤ የትኛው ሣር ላይ ተወለደ፣ እንቁላሉ ምን ይመስል ነበር፣ ትሉ ስንት ጊዜ ቆዳውን ገፈፈ፣ አፈር ውስጥ ስንት ቀን ተኛ፤ ይህን ሳያዩ ስም መስጠት ለእሳቸው ሐሜት ነው። አንዲት ቡናማ እናት ይይዙና ጠርሙስ ውስጥ ሣር ላይ ይተዋታል። እንቁላሏን በክምር ትጥላለች፤ ከሆዷ በሚረግፍ ፀጉር ትሸፍነዋለች። በሦስት በአራት ቀን ዐይን የማይሞሉ ትሎች ይፈለፈላሉ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ሣር ይበላሉ፤ እየወፈሩ ቆዳቸውን ይጥላሉ። ከዚያ አፈር ውስጥ ይገቡና ቡናማ ቅርፊት ሆነው ይተኛሉ። ጋሽ አዛናው የሚወዱት ይህን ጊዜ ነው። ቅርፊቱን መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡና ጫፉ ሲወዛወዝ እያዩ «ሰማችን» ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያቺው ቡናማ የእሳት እራት ትወጣለች። እንደ እናቷ ተራ፣ እንደ እናቷ ማንም የማያያት።

ሣሩን የሚያመጡት ከትክል ድንጋይ ነበር፣ ከአያ ቢምረው ቀበሌ የክልክል ሜዳ። እስከ አጨዳ ድረስ ከብት የማይገባበት፣ አገሩ በጋራ የሚጠብቀው ሣር ነው። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ስንመለስ ሣሩን በማዳበሪያ ከረጢት አጭቀው ሚኒባስ ውስጥ እግራቸው ሥር አስቀመጡት። ከረጢቱ እየተንኮሻኮሸ ነው። ረዳቱ «አባባ በግ ከሆነ ከላይ ይጫናል» አላቸው። «በግ አይደለም» አሉ። «ዶሮ ነው?» አለ። «ገና ነው» አሉት። ረዳቱ ተናደደና የከረጢቱን አፍ ፈታው። ስንት የእሳት እራት እንደወጣ እንጃ፤ አንዷ ሴትዮ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለች፣ ሹፌሩ መስኮት ከፈተ፣ ሌላው እየሳቀ በጋዜጣ ያባርራል። ጋሽ አዛናው ግን መሐል ላይ ቆመው «እባካችሁ አትምቷቸው፣ አንዷ እንቁላል ይዛለች» ይላሉ። እኔ የማላውቃቸው መስዬ በሌላ በኩል ወደ ውጭ አየሁ። ያን ማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አያ ቢምረው የሳቁባቸው ቀን ግን አላስታውስም። ሁለቱ እኩያ ነበሩ፤ «አንተ» ነበር የሚባባሉት። አንድ ጊዜ አጥር ሥር ተቀምጠን አያ ቢምረው ስለ ተምች አወሩ። ተምች ማለት ጤፍና ሣር በሠራዊት የሚበላው ትል ነው።

«ተምች ከዝናብ ጋር ነው ከሰማይ የሚወርድ» አሉ።

እኔ ልሳሳት እንዴት እችላለሁ፤ የተማርኩ ነኛ። «እንደሱ አይደለም አያ ቢምረው፣ እሱ እኮ...» ስል ጋሽ አዛናው በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«ልክ ነህ፣ ይወርዳል» አሏቸው። «የሚወርደው ግን ትሉ አይደለም፤ እናቲቱ ናት። ነፋስ ከሩቅ ያመጣታል፣ ዝናቡ ሲመጣ ሣር ላይ ታርፋለች። አንተ የምታየው ልጆቿን ስለሆነ ነው።»

«እናቲቱ ምን ትመስላለች?»

«ቡናማ ናት።»

«ቡናማ የሆነው ሁሉ እንግዲህ...»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ» አሉ ጋሽ አዛናው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ምኑ እንዳግባባቸው አልገባኝም ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ነገሩ ሁሉ የሆነው ያኔ ነው።

ጋሽ አዛናው ከዚያው ሜዳ አንዲት ቡናማ እናት አምጥተው ነበር። ጠርሙስ ውስጥ እንቁላል ጣለች፣ ተፈለፈለ። ትሎቹን በእርሳስ ጫፍ እያነሱ ለየብቻ አደረጓቸው፤ አሥራ ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ትንሽ ጠርሙስ፣ የቀሩትን በሙሉ ደግሞ በአንድ ትልቅ ጠርሙስ አጨቋቸው። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ወረቀት ለጠፉ፤ «ከአንድ እናት» ይላል። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው፤ መልሱን ታውቁታላችሁ። ሣር ቀይሪላቸው፣ ሌላ ምንም አትንኪ አሉኝ። ከዚያ ለዐይናቸው ሐኪም ቤት ገቡ። የዐይን ሞራ ነበረባቸው፤ የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ስንት ወር ተጠብቆ የመጣ ስለሆነ መተው አልቻሉም።

እሳቸው በገቡ በማግስቱ አያ ቢምረው መጡ። በውኃ ፕላስቲክ ውስጥ አምስት ስድስት አረንጓዴ ትል ይዘዋል።

«ከክልክሉ ነው ያመጣሁት። ገና ጥቂት ነው። ጤፌ ደግሞ አጠገቡ ነው። ይህ ነገር ተምች ከሆነ አሁን በትንሽነቱ እንርጨው፤ በሜዳውና በጤፉ መሐልም ቦይ እንቆፍር ብለን አገሩ ተማክሯል። አዛናው የት አለ?»

እንደሌሉ ነገርኳቸው። እንደሚመለሱ፣ እንደማሳያቸው፣ እንደምደውል ነገርኳቸው። ጥሩ ነው ብለው ሄዱ።

በአምስተኛው ቀን ጠርሙሶቹን ሣር ልቀይር ስከፍት ደነገጥኩ። ለየብቻ ያሉት ትሎች ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። በትልቁ ጠርሙስ የተጨናነቁት ደግሞ ጥቁር፣ ጎንና ጎናቸው ላይ ቢጫ መስመር ያለባቸው። ወረቀቱ ሁሉም ላይ «ከአንድ እናት» ይላል። ዐይኔን አሸሁ፣ መስኮት አጠገብ ወስጄ አየሁ። የአንድ እናት ልጆች እንዴት ሁለት ዓይነት ይሆናሉ? ጋሽ አዛናው ዐይናቸው ደክሞ ሁለት ዓይነት ቀላቅለዋል አልኩ። እንዲያውም አዘንኩላቸው፤ ሰው ሳያይባቸው ላስተካክልላቸው ብዬ አሰብኩ።

ስልኬ ላይ የተምች ሥዕል ነበረኝ። ጥቁር ነው፣ መስመር አለበት። ጥቁሩ ተምች ሆነ፤ አረንጓዴው ሌላ የሣር ትል ነው ማለት ነው። ነገሩ በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። ከዚያም አረንጓዴዎቹ ለየብቻ የሚቀመጡበት ምክንያት ስላልታየኝ አንድ ላይ በአንድ ጠርሙስ አደረግኳቸው፤ ሣርም ጊዜም ይቆጥባል ብዬ።

ያንኑ ዕለት አያ ቢምረው ደወሉ።

«ምን ተባለ?»

«አረንጓዴ ከሆነ አይስጉ። የሣር ትል ነው፣ ጤፍ አይነካም» አልኳቸው።

«አንቺ ነሽ የምትይ ወይስ አዛናው?»

አያ ቢምረው እኔን አይጠሉኝም ነበር፤ ግን ልጅ ነኝ። በእኔ ቃል ቦይ መቆፈር እንደማይተዉ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ልክ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነኝ፤ ሐኪም ቤት ተኝተው ዐይናቸው ከታሸገ ሰው ጋር ደግሞ መጨቃጨቅ አልፈለግሁም።

«ጋሽ አዛናው ናቸው ያሉት» አልኩ። «አይተውታል።»

«እንግዲያማ ሸጋ» አሉና ዘጉት።

ጋሽ አዛናው አንድ ዐይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ቀጠሮአቸው ሳያልቅ ተመለሱ። ኮታቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ጠርሙሶቹ ሄዱ። እኔ ኩራት ይዞኝ ከኋላ ቆሜያለሁ። ከዚያ ነው አንድ ነገር ያየሁት። አንድ ላይ ያደረግኳቸው አረንጓዴዎች በሁለት ቀን ውስጥ መጥቆር ጀምረዋል። ገሚሱ ጥቁር፣ ገሚሱ በመሐል ያለ መልክ ይዟል። ከየት መጡ? ክዳኑ ታስሯል። ማን ጥቁር አስገባባቸው?

«ማን ነው አንድ ላይ ያደረጋቸው?» አሉ በዝግታ።

«እኔ ነኝ። ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ ስላየሁ...»

«ሁለት አይደሉም።» ጠርሙሱን ወደ ደህናው ዐይናቸው አስጠጉት። «ብቻውን ያደገ አረንጓዴ ነው። ብዙ ሆኖ ሲተሻሽ ያደገ ይጠቁራል፤ ጠቁሮ ደግሞ በሠራዊት ይሄዳል። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይህን ነበር ማየት የፈለግሁት፤ በዚያ ሜዳ ያለችው ቡናማዋ የተምች እናት መሆኗን ለማወቅ።» ከዚያ ዞር አሉ። «ቢምረው መጥቶ ነበር አሉ። ምን አልሽው?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም አይደለም። የሣር ትል ነው እንዳልኩ ብቻ። በስማቸው እንዳልኩ አልነገርኳቸውም።

ሚኒባስ ይዘን ትክል ድንጋይ ስንደርስ እኩለ ቀን ነበር። ሜዳው ጥቁር ሆኗል። የሚንቀሳቀሰው መሬቱ ነው ወይስ ትሉ ነው እስክል ድረስ። ሲበሉ ድምፅ አላቸው፤ ደረቅ ቅጠል ላይ ጠል የሚንጠባጠብ ይመስላል። የአያ ቢምረው ጤፍ ቁመቱ ጠፍቶ መሬት ላይ ቀርቷል። ቦይ የለም። በእኔ ቃል አልቆፈሩም። አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ሴቱም ወንዱም ዶማና አካፋ ይዞ የቀረውን ማሳ ለማዳን ይሯሯጣል።

አያ ቢምረው ሲያዩን ዶማቸውን ጣሉ። በሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገሩት።

«አዛናው፣ ምነው? ምን በደልኩህ? አይተኸዋል ብላ ይህች ልጅ ነገረችኝ። አንተ ካየኸው ብዬ እኔ ለአገሩ ነገርኩ። አንተ አይደለህም እንዴ ያልክ?»

ጋሽ አዛናው ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ዐይናቸው ብቻ ነበር የሚታየው፤ ምን እንዳለበት ማንበብ አልቻልኩም። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አንድ ቃል ብቻ። እኔ ግን ጫማዬ ላይ የወጣውን ትል ማራገፍ ጀመርኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አዛናው። «ተሳስቼ ነው።»

አያ ቢምረው ተሳደቡ። የምጽፈው ስድብ አይደለም። «ሆዳም» ከሁሉ ቀላሉ ነበር። ጋሽ አዛናው ሰምተው ሲጨርሱ ኮታቸውን አውልቀው አጥር ላይ ሰቀሉና ከወደቀበት ዶማውን አነሱ። ያን ቀንም በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ከሰው ጋር ቦይ ቆፈሩ፤ ፋሻቸው ጭቃ ለበሰ። ትሉ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ አፈር ይመለስበታል። ከታች በኩል ያለው ማሳ ተረፈ። የአያ ቢምረው አልተረፈም።

ስንመለስ መንገድ ላይ መሐላችን አንድ ባዶ ወንበር ነበር። «ለምን እኔ ነኝ አሉ?» አልኳቸው።

«እኔም አላውቀው። አፌ ቀደመኝ።»

ከዚያ ብዙ ቆይተው፣ ከተማው መታየት ሲጀምር፣ ወደ መስኮቱ እያዩ ተናገሩ። «በራስሽ ስም ብትነግሪው ኖሮ ይጠራጠር ነበር። ተጠራጥሮ ቦዩን ይቆፍር ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጋሽ አዛናው በደብዳቤ «ስህተቱ የእኔ ነው» ብለው ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉ። ከመስክ ሥራ አንስተው ንብረት ክፍል መደቧቸው። ጠረጴዛቸው ለእኔ ተሰጠ። አንድ ወር ያህል እንዳለፈ መጥተው በመርፌ የተሰኩ ሁለት የእሳት እራቶች ፊቴ አስቀመጡ፤ ሁለቱም ቡናማ።

«አንዷ አረንጓዴ የነበረችው ናት፣ አንዷ ጥቁር የነበረችው። የቷ ናት?»

አገላብጬ አየሁ። ምንም ልዩነት የለም። በዘፈቀደ አንዷን ጠቆምኩ።

«እኔም ሲያድጉ ካላየሁ አለይም» አሉና ይዘዋቸው ወጡ።

ያ ይቅርታ ነበር? ወቀሳ ነበር? ወይስ እንዲሁ የሚያሳዩት ሰው አጥተው? ስንት ጊዜ አገላበጥኩት። አንዳንድ ቀን አባት እንደሆኑልኝ ይሰማኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሆን ብለው እንደቀጡኝ። ጥፋቱን ባይወስዱልኝ ኖሮ ያን ቀን አልቅሼ፣ ተሰድቤ፣ ቦይ ቆፍሬ ያበቃ ነበር። ሁለት ዓመት በየቀኑ በንብረት ክፍሉ በር አልፌ ስገባ «እንዴት አደርሽ ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም «እግዜር ይመስገን» እላለሁ። ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ እያልኩ።

ኀዘኑ ላይ ሰው ስለ እሳቸው የሚያወራው አልገጥም አለኝ። አንዱ ግትር ነበሩ ይላል፣ ሌላው ለስላሳ። አንድ የድሮ ባልደረባችን «በዚያች ትል ተሳስቶ እኮ ነው ሰው ሳይሆን የቀረ» አለ። ውኃ እየጠጣሁ ነበር፤ ትን አለኝ።

በሦስተኛው ቀን አያ ቢምረው መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው በድንኳኑ በር አጠገብ፣ ለሩቅ ሰው በተተወው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ማንንም አላነጋገሩም። የደንብ ለቅሶ ደርሰው ሊሄዱ እንደሆነ ያስታውቃል። ሲነሱ ተከተልኳቸው። ከአጥሩ ውጭ፣ ባለቆርቆሮው ሱቅ ጥግ ላይ ደረስኩባቸው።

«አያ ቢምረው፣ ያን ጊዜ ጋሽ አዛናው ትሉን አላዩትም ነበር። ሐኪም ቤት ነበሩ። አይተውታል ብዬ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ያልሰሙኝ መሰለኝ። ደግሜ ልናገር ስል እጃቸውን አነሱ።

«እሱ ራሱ እኮ ነው እኔ ነኝ ያለኝ።»

«ለእኔ ብለው ነው። ይመስለኛል። አላውቅም።»

አያ ቢምረው ግድግዳውን ተደገፉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ለእኔ አልነበረም።

«መስከረም ላይ መጥቶ ነበር። ለማሳዬ የሚሆን የሽንብራ ዘር ይዞ። የለም በይው አልኳት ለሚስቴ። ድምፄን ሰምቷል፤ በሩ ድረስ ነበር የቆመ። ዘሩን ካቡ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ዘራሁት። በላሁት። የሰጠኝን ሰው ግን ሁለት ዓመት ደህና ዋልህ አላልኩትም።» ወደ እኔ ዞሩ። ዐይናቸው ቀልቷል። «ምነው ስለናት? ምነው በቁሙ ሳለ ብትነግሪኝ?»

ፈራሁ ማለት ይቻል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ሽማግሌ እንዲህ ፊቴ ቆሞ ሳለ ያ ምን መልስ ይሆናል?

«አሁን ማንን ልካስ? አንቺን ይቅር ብልሽ እሱን አይመልስልኝ። እኔን ደግሞ ይቅር የሚል ጠፋ።» በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «እኔ በአገር ፊት ነው የሰደብኩት። እሑድ ነይና ለእኔ ያልሽውን ለአገሩ ትነግሪያለሽ።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ተመልሰው ወደ ድንኳኑ ገቡ። በሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚ አልፈው፣ የሰውን እግር እየተሻገሩ፣ ጥቁር የለበሱት የጋሽ አዛናው ወንድሞችና ልጆች ወዳሉበት ሄዱ። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። ትልቁ ልጅ ተጠጋላቸው፤ በመሐላቸው ተቀመጡ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ «እግዜር ያጽናችሁ» ሲል እሳቸውም እንደ ዘመድ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ይቀበላሉ።

እኔም ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር፤ አጠገቤ ያለች አንዲት የሰፈሩ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እኒያ ባለ ጋቢው ለሟቹ ምናቸው ናቸው?»

ወደ እሷ ዞርኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልበላት?